የተነሣ እጅ

እሑድ ነው። ማለዳ። ጦሳ በጉም ታጥሯል፣
የመድኃኔዓለም ደወል ሁለት ጊዜ ጠርቷል፤
ይመኙሻል ነጠላ ከሳጥን ስታወጣ፣
እኔም ዳዊት ይዤ ከጓዳ ስመጣ፣

ኳ! አለ።

ፌቨን ነች። አምስት ዓመት ሊሞላት ሳምንት የቀራት፣
ቁምሳጥን ቢረዝምም ወንበር መች ሊቸግራት፤
አባባን ልሁን ብላ መነጽሬን አጠለቀች፣
ካፍንጫዋ ሲሾልክ ልትቀልበው ተንጠራራች፣
አልደረሰችም።
ሲሚንቶው ላይ ዓይኔ ለሁለት ተከፈለ።

እጄ ተነሣ።
ማንም ሳያዝዘው፣ እንደ ድሮው፣ ከትከሻዬ በላይ፤
የቆየ ልማድ ነው፣ መንገድ አይስት፣ አይዘገይ።

እንዲህ ነው ያሳደግሁ። ጥቅስም አላጣሁ፤ ምሳሌን ገልጬ፣
ስለ በትር የሚለውን በቀይ እስኪርቢቶ አጊጬ፣
ለአባቶች የተጻፈውን፣ ልጅ አታስመርሩ የሚለውን ግን፣
ሁለት ገጽ አንድ ላይ እየገለጥሁ አለፍሁት ዘመኔን።

ይመኙሻል ሌላ ናት። ልጇ ስታጠፋ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፣
«ምን ሆነሽ ነው፣ እናቴ?» ብላ ዓይን ዓይኗን ታያለች፤
እኔም በልቤ፦ «ይቺ ሴት ልጁን ታበላሻለች።»

ፌቨን እጄን አየችው።
አልሸሸችም።
የተነሣ እጅ ምን እንደሚሠራ መች ተማረችና?
የምታውቀው አንድ ነው፣ የመምሬ አበጀን፣ ቀዳሚት ማታ ይመጡና
መስቀል የሚያሳልሟት።
መጣች። እጄ ሥር አንገቷን ደፋች፣
ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን አሹላ፣ «ይፍቱኝ» አለች።

በዚያው ቅጽበት ከኋላዋ፣
ነጠላዋን እንደያዘች እናትዋ፣
ይመኙሻል፣ የሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ የባንክ ቤት ሠራተኛ፣
ክንዷን አንሥታ ጆሮዋን ከለለች።
ማንም ሳይነካት።
በቁምሳጥኑ መስታወት ነው ያየኋት።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ከባድ ነው እጅ፣ ባዶውን ሲቆይ።
ቁልቁል ላውርደው? ወደ ጎን? ወይስ ልተወው እንዲሁ ከላይ?
ፌቨን አንድ ዓይኗን ከፍታ «አባባ፣ ቶሎ!» ብትለኝ፣
ሹሩባዋ ላይ መዳፌ ሲያርፍ ታወቀኝ።
«ይፍታሽ» አልኋት። ቄስ አይደለሁ።
ማን ማንን እንደፈታ እስከ ዛሬም አልለየሁ።

ሰኞ እንድሪስ ዘንድ ወረድሁ፣ አራዳ፣ ሰዓት ከሚያድሰው፤
ጎረቤቴ ነው፣ ለይመኙሻል ሰርግ ድንኳን የተከለው።
እሱም አያት ሆኗል፤ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ልጆች ይሯሯጣሉ፣
ብሎኑን ይደብቃሉ፣ ይስቃሉ፣ ይጣላሉ።
ስባሪውን ወደ አምፖሉ አስጠግቶ አገላበጠው፣
«ማነው የሰበረው?» አለኝ፣ እንዲያው ለወጉ ነው።
«እኔ ነኝ» አልሁት።
ቀና ብሎ አየኝ። ቆየ።
«አላህ ይጠግነው» አለ፣ ሂሳብም አልጠየቀ።

መስታወቱ ካዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ነው አሉ፤
ማታ ማታ ይመኙሻል ዳዊቴን ታነብልኛለች።
ያንን ፊደል በአርጩሜ ነው ያስቆጠርኋት፣
አንዲት ቃል አትስትም።
አለመሳቷ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ትናንት ግን ተሳሳተች።
ቆም አለች። ቀና አለች።
ፊቴን አላየችም። እጄን ነው ያየች።
ብርድ ልብሱ ሥር ደበቅሁት፣ እንደ ሌባ፣
አንድ ቃል ጉሮሮዬ ደርሶ ወጣ ስለው እየገባ፤
«ቀጥይ» ብቻ አልኋት፣ ድምፄ ሻክሮ፤
ሽማግሌ ይቅርታ መጠየቅ የሚማረው ከስንት ዓመት ጀምሮ?

ፌቨን መሃላችን፣ ግማሽ እንቅልፍ ይዟት፣
ብርድ ልብሱ ሥር ዳስሳ እጄን አገኘችው፣
ጎትታ አውጥታ ከራሷ ላይ ደፋችው፣
እንደ ቆብ።

ይመኙሻል ያንኑ ቃል ደገመችው።
አሁንም ሳተችው።
ሳቀች።